በዱር እንስሳት ጥበቃ የመንግሥት ሥራ፦ መደቦቹና መግቢያ መንገዶቹ

ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘንና ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የትም አይገኙም፤ ስለዚህ እነርሱን ከጥፋት የመጠበቁ ኃላፊነት ከማንም በፊት በኢትዮጵያ መንግሥትና በሚቀጥራቸው ባለሙያዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ይህን ሙያ የሚመኙ ወጣቶች በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ቢመረቁም፣ የሥራ መደቦቹ የትኞቹ እንደሆኑ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚቀጥርና ለመቀጠር አስቀድሞ ምን ማድረግ እንደሚገባ በውል የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። የሙያው ዋና ጠባይ ከታወቀ ግን መንገዱ ይቀልላል፤ ሥራው የሚከናወነው መስክ ላይ በመሆኑ፣ ለቅጥር የሚያበቃው ዝግጅትም ከዲግሪው ጎን ለጎን በመስክ የሚገኘው ልምድ ነው።

የዱር እንስሳት ጥበቃ በኢትዮጵያ የመንግሥት ሥራ ሆኖ መልክ የያዘው ቀስ በቀስ ነው። የዝሆን አደንን የሚገድብ ደንብ በአፄ ምኒልክ ዘመን ቢወጣም፣ ፓርኮችን የሚያቋቁምና ሠራተኛ የሚመድብ የመንግሥት መዋቅር የተደራጀው በ1950ዎቹ ማብቂያ ነበር። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1961 ዓ.ም.፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በ1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታውጀው ሕጋዊ ወሰን አገኙ። ለዘርፉ መሠረት የሆኑት ዋና ሕጎች ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ዘርፉን የሚመራውን የፌደራል ባለሥልጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 575/2000 ሲሆኑ፣ ሥራ ፈላጊው ከማመልከቱ በፊት ሁለቱንም ቢያነባቸው የመሥሪያ ቤቱን ሥልጣንና ተግባር ከምንጩ ይረዳል።

ቀጣሪው አካል አንድ አለመሆኑ መታወቅ ይኖርበታል። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ ሲሆን፣ እንደ ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ ተራሮች፣ አዋሽና ነጭ ሳር ያሉትን ፓርኮች በቀጥታ ያስተዳድራል፤ እንደ ቦረና ሳይንት ያሉ ሌሎች የጥበቃ ቦታዎች ግን በክልል መንግሥታት ሥር ናቸው። የክልል መሥሪያ ቤቶች አደረጃጀትና መጠሪያ በየጊዜው የሚለዋወጥ በመሆኑና የዱር እንስሳት ሥራ አንድ ጊዜ ከደን፣ ሌላ ጊዜ ከአካባቢ ጥበቃ ወይም ከባህልና ቱሪዝም ጋር ስለሚጣመር፣ አመልካቹ በሚፈልገው ክልል ሥራው በየትኛው ቢሮ ሥር እንዳለ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። ይህን የማያጣራ ሰው የፌደራሉን ማስታወቂያ ብቻ ሲጠባበቅ በቅርቡ ያለው የክልል ወይም የዞን መደብ ያመልጠዋል።

በፓርኮቹ ውስጥ በቁጥር ብዙውን የሰው ኃይል የያዙት ስካውት የሚባሉት የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው። ስካውቶች በአብዛኛው የሚመለመሉት በፓርኩ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች ሲሆን፣ መሬቱን፣ የእንስሳቱን መዋያና የኅብረተሰቡን ቋንቋ ማወቃቸው ከትምህርት ደረጃቸው ባልተናነሰ ይፈለጋል። በቡድን ሆነው በእግር ቅኝት ያደርጋሉ፤ ሕገወጥ አደንን፣ የደን ጭፍጨፋን፣ ልቅ ግጦሽንና ቃጠሎን ይከላከላሉ፤ ያዩትንም ይመዘግባሉ። ከዲግሪ ጋር የሚገባ አዲስ ባለሙያ የመጀመሪያ መምህሮቹ እነዚሁ ሰዎች መሆናቸውን ተረድቶ በአክብሮት ቢቀርባቸው፣ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ዕውቀት ከእነርሱ ይቀስማል።

ከስካውቶቹ ቀጥሎ ያለው የባለሙያ መደብ በዱር እንስሳት ጥናትና ክትትል ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የሥራውን ምንነት ከዋልያ ቆጠራ በላይ አጉልቶ የሚያሳይ የለም። ቆጣሪዎቹ በሰሜን ተራሮች ገደሎች አፋፍ ላይ አስቀድመው በተመረጡ የመመልከቻ ቦታዎች ጎህ ሲቀድ ይቀመጣሉ፤ ዋልያዎቹ ለግጦሽ በሚወጡበት በማለዳና ከተሲያት በኋላ አቅርቦ አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ይከታተላሉ፤ አንዱ መንጋ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቆጥራሉ፤ የታየበትን ሰዓት፣ ቦታውንና የመንጋውን ብዛት በቅጹ ላይ ያሰፍራሉ። ብዛቱ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ወደኋላ የተቆለመመ ረጅም ቀንድ ያለው አዋቂ ወንድ፣ ቀንዷ አጠር ያለው እንስት፣ ጎረምሳውና ግልገሉ ተለይተው ይመዘገባሉ፤ ምክንያቱም ግልገል የሌለበት መንጋ ዛሬ ብዙ መስሎ ቢታይም ተተኪ የለውም። በዚህ መንገድ የሚሰበሰበው መረጃ የፓርኩ አስተዳደር ቅኝቱን የትኛው አካባቢ ላይ ማጠናከር እንዳለበት ለመወሰን ያገለግላል።

ዘርፉ የሚፈልገው የሥነ ሕይወት ምሩቃንን ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ የፈጀ በመሆኑ፣ በአካባቢው ያሉ የቤት ውሾችን መከተብና በቀበሮዎቹ ላይ የሚታየውን ምልክት መከታተል የእንስሳት ሐኪሞችን ይጠይቃል። በፓርክ ውስጥና ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ የግጦሽና የእርሻ መሬት ጥያቄ ያለው በመሆኑ፣ ከነዋሪው ጋር ተወያይቶ መፍትሔ የሚያበጅ የማኅበረሰብ ባለሙያ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በመጥፋት አደጋ ላይ ያሉ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው፣ በአጭሩ ሳይትስ የሚባለው ስምምነት አባል ስለሆነች፣ ሕግ የተማሩና የዱር እንስሳት ውጤቶችን የመለየት ችሎታ ያላቸው ሠራተኞች በመውጫ በሮች ላይ ይሠራሉ፤ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በይፋ የተቃጠለው ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ የዚህን ቁጥጥር ስፋት ያመለክታል። ካርታ ሥራና የመረጃ ትንተና የሚችሉ፣ በቱሪዝምና በሒሳብ የሠለጠኑ ባለሙያዎችም በየፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቦታ አላቸው።

በትምህርት ረገድ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ በዘርፉ ስሙ ቀድሞ ይጠራል፤ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የባዮሎጂ፣ የሥነ ምህዳር፣ የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደርና የእንስሳት ሕክምና ትምህርቶች ወደ ሙያው ያደርሳሉ። በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ የተቋቋመው የታንዛኒያው ምዌካ ኮሌጅም ለረጅም ዓመታት ኢትዮጵያውያን የፓርክ ኃላፊዎችን ያሠለጠነ ተቋም ነው።

የተግባር ልምምድ፣ በተለምዶ ኢንተርንሺፕ የሚባለው፣ ተማሪው ከምረቃ በፊት በመሥሪያ ቤት ውስጥ እየሠራ የሚማርበት ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ራሱን ችሎ በሚወጣ ማስታወቂያ ሳይሆን ተማሪው ከትምህርት ክፍሉ በሚያጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ በመሆኑ፣ ደብዳቤውን ይዞ ወደ ባለሥልጣኑ ወይም እንደ ደባርቅና ዲንሾ ባሉ ከተሞች ወዳሉት የፓርክ ጽሕፈት ቤቶች መቅረብ ይቻላል። ጥያቄው የሚቀበለው ክፍል ምን እንደሚያተርፍ ሲያሳይ ተቀባይነቱ ይጨምራል፤ «ልምምድ እፈልጋለሁ» ከሚል ደረቅ ማመልከቻ ይልቅ፣ የተከማቹ የቅኝት ቅጾችን ወደ ኮምፒውተር የማስገባት ወይም በቆጠራ ወቅት መዝጋቢ የመሆን ፈቃደኝነት የተገለጸበት ደብዳቤ በኃላፊው ዘንድ ይመረጣል። የመመረቂያ ጽሑፉን በፓርክ ውስጥ የሚሠራ ተማሪ ደግሞ የጥናት ዕቅዱን አቅርቦ የምርምር ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል፤ ጥናቱን ሲጨርስም ቅጂውን ለፓርኩ ቢሰጥ፣ ስሙ በሥራው ይታወቃል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን የመሰሉ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችም ለወፍ ቆጠራና ለመሰል ሥራዎች በጎ ፈቃደኞችን ስለሚያሳትፉ፣ የመጀመሪያውን የመስክ ልምድ ለማግኘት ይጠቅማሉ።

ቋሚ ቅጥር በበኩሉ የሲቪል ሰርቪስ ሕግን የተከተለ ነው። ክፍት የሥራ መደብ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ በመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳና በሌሎች መገናኛዎች ይወጣል፤ ማስታወቂያው የመደቡን መጠሪያና ደረጃ፣ ተፈላጊውን የትምህርት ዝግጅትና የሥራ ልምድ፣ የሥራ ቦታውንና የመመዝገቢያውን ቀናት ይገልጻል። የምዝገባው ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ዲግሪው፣ የውጤት መግለጫው፣ የሥራ ልምድ ማስረጃውና ኮፒዎቻቸው ቀድመው መዘጋጀት አለባቸው። አዲስ ተመራቂ በተለይ ሊከታተላቸው የሚገባው ዜሮ ዓመት ልምድ የሚጠይቁትን መደቦች ሲሆን፣ በጽሑፍና በቃል ፈተና ካለፈም በኋላ ቋሚ ሠራተኛ የሚሆነው የሙከራ ጊዜውን በአጥጋቢ ውጤት ሲፈጽም ነው። የሥራ ቦታው ባሌ ከሆነ አፋን ኦሮሞ፣ ሌላ ስፍራ ከሆነም የዚያ አካባቢ ቋንቋ ከኅብረተሰቡ ጋር ለመግባባት ግድ ይላል።

ሥራው ችግር የለበትም ማለት አይደለም፤ ደመወዙ ከልፋቱ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፣ ካምፖቹ ከከተማና ከቤተሰብ የራቁ ናቸው፣ በአንዳንድ አካባቢዎች የጸጥታ ሥጋት አለ፣ ከታጠቁ አዳኞች ጋር መጋፈጥም ያጋጥማል። ድካሙ ግን ከንቱ አይቀርም። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ከገባ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ሊወጣ ችሏል፤ ባሌ ተራሮችም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እነዚህ ውጤቶች ከነዋሪው ሕዝብ ትብብርና ከብዙ አካላት ድጋፍ ጋር፣ ለዓመታት በቅኝት፣ በቆጠራና በውይይት የደከሙ የመንግሥት ሠራተኞች ፍሬ ናቸው። ስለሆነም ወጣቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከመጠበቁ በፊት መስክ ሊወጣ፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ፓርኮችም በስምምነት ቋሚ የልምምድ ቦታ ሊያዘጋጁለት ይገባል፤ የዛሬው ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ የሚተካው ባለሙያ የሚገኘው በዚህ መንገድ አስቀድሞ ሲዘጋጅ ነውና።