የቤት ውሻ ጤናና አያያዝ በመንዝ ደጋ፦ ከግቢ እስከ ጓሳ

መግቢያ

በመንዝ ደጋ ውሻ የግቢ ዘብ ነው። ሌሊት በረቱን ከጅብ ይጠብቃል፤ ቀን እረኛውን ተከትሎ መስክ ይውላል። በግ ሲታመም ሐኪም ይጠራል፣ መድኃኒትም ይገዛል፤ የውሻው ጤና ግን ብዙውን ጊዜ ከቁም ነገር አይቆጠርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውሻን በአግባቡ መያዝ የበጉን፣ የቤተሰቡንና የጓሳን ቀይ ቀበሮ ደኅንነት ጭምር የሚወስን መሆኑን ማስረዳት ነው።

ውሻና በግ

አርቢዎች አዙሪት የሚሉት የበግ በሽታ ከውሻ አመጋገብ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። የታመመው በግ ከመንጋው ተለይቶ በአንድ ወገን ይዞራል፣ ራሱን ያዘነብላል፣ ውሎ አድሮም ይወድቃል። መንስኤው አንጎሉ ውስጥ የሚያድግ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲሆን፣ ይህም በውሻ አንጀት የሚኖር የኮሶ ትል ዝርያ እጭ ነው። የታመመው በግ ታርዶ ጭንቅላቱ ለውሻ ሲጣል እጩ በውሻው ሆድ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሣር ላይ ይቀራል፤ በግም ከሣሩ ጋር ይበላዋል። በሳንባና በጉበት ላይ የሚታየው ውኃ ያዘለ እባጭም በተመሳሳይ መንገድ ይዛመታል፤ ይኸኛው ሰውንም ይይዛል። ለውሻው እንደ ደግነት የተጣለው ጥሬ ሥጋ እንግዲህ ዞሮ ባለቤቱን ይጎዳል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ጭንቅላትና የሆድ ዕቃ በደንብ ሳይቀቀል ለውሻ አለመስጠት፣ እባጭ የታየበትን መቅበር ወይም ማቃጠል፣ እንዲሁም በእንስሳት ሐኪም ምክር ውሻውን በየጊዜው ፕራዚኳንቴል በተባለው መድኃኒት ማከም ይበቃል።

የውሻው ምቾት

ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ይቆጣል፣ ይናከሳል፤ ጨርሶ የተተወ ደግሞ ከጥንብ ጥንብ ይዞራል። በቤት የሚመገብ፣ ንጹሕ ውኃ የሚያገኝ፣ ከውርጭ የሚያስጠልል ደረቅ ማደሪያና በቀን የሚፈታበት ሰዓት ያለው ውሻ ርቆ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል። ይህም ከበሽታ መከላከያ አንዱ ነው።

ክትባት

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ ሰው ከሚያዝበት አጋጣሚ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብና ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ይሁን እንጂ ዋናው መከላከያ ውሻውን መከተብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ሥርጭቱን ለመግታት ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት ውሾች መከተብ ይኖርባቸዋል። አንድ አባወራ ብቻውን ውሻውን ቢያስከትብ ቤቱን ይረዳል፤ ሥርጭቱን ግን አይገታም።

ከግቢ ወደ ጓሳ

ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ በዓለም ላይ ጥቂት መቶዎች ብቻ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች የተወሰኑት የሚኖሩበት ነው። ሣር አጫጁንና እረኛውን ተከትሎ የሚገባ ያልተከተበ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታንና ዲስቴምፐርን ይዞባቸው ሊገባ ይችላል። የባሌ ተራሮች ተሞክሮ አደጋውን ያሳያል፤ በዚያ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷል፤ በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር ተከስቷል።

ማጠቃለያ

ጓሳ እስከ ዛሬ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የቄሮ ሥርዓት ሣሩ የሚዘጋበትንና የሚታጨድበትን ጊዜ ይወስን ነበር፤ ዛሬም ሥፍራው በማኅበረሰቡ ይጠበቃል። ሣሩን ያቆየው አንዱ አጭዶ ሌላው እንዳይጎዳ የሚያደርግ የጋራ ሕግ ነው። የውሻ ክትባትም እንዲሁ በጋራ ካልሆነ ፍሬ የለውም። ስለዚህ ሣር ማጨድ በሚፈቀድበት ወቅት ዋዜማ የውሾች ክትባት ቢካሄድና ያልተከተበ ውሻ ወደ ጓሳ እንዳይገባ በመተዳደሪያ ደንብ ቢወሰን፣ ለሣሩ የሠራው ሥርዓት ለውሻውም ይሠራል። ውሻው ጤነኛ ሲሆን በጉም፣ ልጁም፣ ቀበሮውም በሰላም ያድራሉ።