በአውስትራሊያ ፍራፍሬ ለቀማ ስለሚሰማሩ ወጣት መንገደኞች

በአውስትራሊያ የሚመረተው ፖም፣ ብርቱካን፣ የገበታ ወይንና ቼሪ ለገበያ የሚቀርበው ከሞላ ጎደል በሰው እጅ እየተለቀመ ነው። ለዚሁ ሥራ ከሚሰማሩት መካከል እጅግ ብዙዎቹ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከጀርመን፣ ከጃፓን፣ ከኮሪያና ከታይዋን ጓዛቸውን በጀርባቸው ተሸክመው አገር ለማየት የመጡ ወጣቶች ናቸው። ባክፓከር በሚል ስም ይታወቃሉ። ጥቂት ሳምንታት ፍሬ ለቅመው ባገኙት ገንዘብ ጥቂት ሳምንታት ይጓዛሉ፤ ገንዘቡ ሲያልቅ እንደ ገና ፍሬ ወደ ደረሰበት ወረዳ ይመለሳሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የወጣቶች ጨዋታ ቢመስልም፣ የአንድ ታላቅ የንግድ ዘርፍ ዕድል የተንጠለጠለበት በመሆኑ አሠራሩን መመርመር ለነጋዴ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባለ እርሻው ቋሚ ሠራተኛ ቀጥሮ ዓመቱን ሙሉ ለማስተዳደር የማይችልበት ምክንያት ከፍሬው ጠባይ የመነጨ ነው። ያንግ በምትባለው ከተማ አካባቢ ቼሪ የሚደርሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በሸፐርተን ኮክና ፒር ከጥር ጀምሮ ይለቀማሉ፤ በባትሎውና በታዝማኒያ ደሴት በሁዎን ሸለቆ የፖሙ ለቀማ የሚከተለው ከየካቲት በኋላ ነው። በኩዊንስላንድ መንደሪን የሚሰበሰበው ደግሞ በእነርሱ ክረምት ነው። በእያንዳንዱ ስፍራ ሥራው ለጥቂት ሳምንታት ይበረታና ያልቃል። ከሁሉም የቼሪው ነገር ይብሳል፤ በስሎ ሳለ ዝናብ ከመታው ቅርፊቱ ይሰነጠቃልና፣ አንዳንድ ባለ እርሻዎች ሄሊኮፕተር ተከራይተው ከዛፎቹ በላይ በማብረር ውሃውን በነፋሱ ያራግፉታል። የሑመራንና የመተማን ሰሊጥ የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ጭንቀት ለመረዳት አይቸግረውም፤ ሰሊጡም ጊዜው ካለፈበት እየተከፈተ መሬት ላይ ይረግፋልና፣ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በሰዓቱ ካልደረሰ የዓመቱ ድካም ከንቱ ይሆናል።

አውስትራሊያ ለዚህ ችግር መፍትሔ ያገኘችው በቪዛ አማካይነት ነው። በ1975 ዓ.ም. ለእንግሊዝ፣ ለካናዳና ለአየርላንድ ወጣቶች እየሠሩ አገር እንዲጎበኙ ፈቃድ መስጠት ጀመረች፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ አገሮች ተጨምረዋል። ዕድሜው በጠቅላላው ከ18 እስከ 30 ሲሆን፣ ለጥቂት አገሮች ዜጎች እስከ 35 ይፈቀዳል። ፈቃዱ የሚጸናው ለአንድ ዓመት ነው። በ2005 ግን መንግሥት አንድ አዲስ ነገር ጨመረ፤ ይኸውም ከታላላቅ ከተሞች ውጭ በእርሻና በመሳሰለው ሥራ ሦስት ወር፣ ማለት 88 ቀን የሠራ መንገደኛ ሁለተኛ ዓመት እንዲቆይ የሚፈቅድ ነው። ከ2019 ጀምሮም ተጨማሪ ስድስት ወር ለሚሠራ ሦስተኛ ዓመት ተፈቀደ።

በዚህ አኳኋን ባለ እርሻው ከደመወዙ ሌላ የሚሰጠው ነገር አገኘ። ወጣቱ 70 ቀን ሠርቶ ከአሠሪው ቢጣላ፣ የቀሩትን 18 ቀናት ሌላ ስፍራ ፈልጎ መፈጸም አለበት፤ የቪዛው ቀነ ገደብም ይጠብቀዋል። ስለዚህ ብዙዎች ክፍያው ከሚገባው በታች መሆኑን እያወቁ ዝም ማለትን መርጠዋል።

የክፍያውም ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ለቃሚው ከረጢት በደረቱ አንጠልጥሎ መሰላል ይወጣል፤ ከረጢቱ ሲሞላ ፍሬው እንዳይቀጠቀጥ ቀስ አድርጎ ወደ ታላቅ ሣጥን ይገለብጣል። አንድ የፖም ሣጥን ወደ 400 ኪሎ ግራም ገደማ ይይዛል፤ ሒሳቡም በሣጥን ነው። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ሣጥን 50 ዶላር ይከፈላል ቢባል፣ ልምድ ያለው ሰው በቀን አምስት ሞልቶ 250 ዶላር ሲያገኝ፣ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደው ጀማሪ ሁለት ሞልቶ 100 ዶላር ይዞ ይገባል። ይህ ለትጉህ ሰው ደግ ሥርዓት መስሎ ይታያል። ነገር ግን የሣጥኑ ቁጥር የሚወሰነው በትጋት ብቻ አይደለም። ዛፉ ፍሬው የሳሳ እንደሆነ፣ ወይም ቀይ የሆነው ብቻ ተመርጦ ይለቀም የተባለ እንደሆነ፣ ወይም ባዶ ሣጥን የሚያመጣው ትራክተር የዘገየ እንደሆነ ጉዳቱ የሚያርፈው በለቃሚው ላይ ነው።

የቀድሞው ደንብ አማካይ ችሎታ ያለው ሠራተኛ በሰዓት ከተወሰነው ደመወዝ 15 በመቶ አብልጦ ለማግኘት እንዲችል የሣጥኑ ዋጋ ይተመን ይል ነበር። አማካይ ችሎታ ማለት ምን እንደሆነ ግን የሚተምነው በተግባር ባለ እርሻው ነበረ። የመንግሥቱ የሥራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው መግለጫ፣ በለቀማ ሥራ ከመረመራቸው ከ600 የሚበልጡ ድርጅቶች ከግማሽ በላይ የሆኑት ሕግ ተላልፈው መገኘታቸውን አስታወቀ። በመካከልም ሠራተኛ አቅራቢው ደላላ አለ፤ አንዳንድ ጊዜም ደላላው ራሱ የማደሪያው ባለቤት ስለሚሆን፣ ወጣቱ ሥራ እስኪገኝለት ድረስ የአልጋ ኪራይ እየከፈለ ይጠብቃል።

ኖቬምበር 3 ቀን 2021 ፌር ወርክ ኮሚሽን የሚባለው የደመወዝና የሥራ ደንብ ወሳኝ አካል፣ የአውስትራሊያ ሠራተኞች ማኅበር ያቀረበውን አቤቱታ ተቀብሎ፣ በሣጥን የሚከፈለው ሠራተኛ ሁሉ ከሰዓት ደመወዝ በታች እንዳያገኝ ወሰነ። በዚያን ጊዜ ለጊዜያዊ ሠራተኛ የተወሰነው በሰዓት 25.41 ዶላር ነበር። ውሳኔው ከኤፕሪል 28 ቀን 2022 ጀምሮ ሲጸና፣ አሠሪው የሥራውን ሰዓት በመዝገብ እንዲይዝ ተገደደ። ባለ እርሻዎች ሰነፉ ይከፈለዋል፣ ብርቱውም ይቀዘቅዛል ብለው ተከራከሩ። ስጋታቸው ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን ትራክተሩን የሚያዘው፣ የሚለቀመውን ዛፍ የሚመርጠው፣ ጀማሪውንም ማስተማር የሚችለው ባለ እርሻው ነውና፣ የባከነውን ሰዓት ዋጋ እርሱ መክፈሉ ከንግድ ሥርዓት ጋር የሚስማማ ነው።

በዚያው ቀን የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሌላ ነገር መፍረዱ የሚያስገርም ግጥጥሞሽ ነው። ከ2017 ጀምሮ እነዚህ መንገደኞች ከመጀመሪያዋ ዶላር አንሥቶ 15 በመቶ ግብር ይከፍሉ ነበር፤ የአገሩ ነዋሪ ግን በዓመት እስከ 18,200 ዶላር ከግብር ነጻ ነበር። ፍርድ ቤቱም ለግብር ጉዳይ እንደ ነዋሪ በምትቆጠር እንግሊዛዊት ላይ ይህን ልዩ ግብር መጣል፣ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን የግብር ውል ይቃረናል ሲል ፈረደ።

በ2020 በኮቪድ ምክንያት ድንበሩ በተዘጋ ጊዜ መንገደኞቹ ቁጥራቸው ከግማሽ በታች ወረደ፤ በአንዳንድ ስፍራም ፍሬው ሳይለቀም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለ እርሻዎች ከቫኑዋቱ፣ ከቶንጋ፣ ከቲሞር ሌስቴና ከሌሎች የአካባቢው አገሮች በመንግሥት ውል የሚመጡትን ሠራተኞች አብልጠው ቀጥረዋል። እነዚህ በየዓመቱ መመለስ ስለሚችሉ ሥራውን ያውቁታል፤ ይሁን እንጂ አሠሪው ማደሪያ ማዘጋጀትና የተወሰነ የሥራ ሰዓት ማረጋገጥ ስለሚኖርበት፣ ለአሥር ቀን ለቀማ ብቻ እነርሱን ማስመጣት አያዋጣም። ለአጭሩ ሥራ ባክፓከሩ ዛሬም ይፈለጋል።

ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን የእንግሊዝ ዜጎች በእርሻ ሳይሠሩ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት እንዲቆዩ ተፈቅዶላቸዋል። ሸፐርተን ላይ ፒር የሚለቅም እንግሊዛዊ የሚፈልግ ባለ እርሻ፣ ከእንግዲህ ሊያቀርብለት የሚችለው ደመወዙንና ማደሪያውን ብቻ ነው።