መዳብ በሊታው ፈሳሽ ወዴት ይደፋ?

የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተቋቋመ ጊዜ፣ ከሚሰጣቸው ትምህርቶች አንዱ የኤሌክትሪክ ሙያ ነበር። ተቋሙ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ይኸው ሙያ አልተቋረጠም። ከተማሪዎቹም መካከል የሰርኪዩት ሰሌዳ በገዛ ቤቱ ለመሥራት የሚከጅል ይኖራልና፣ ስለ ሥራው ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን።

ሰሌዳው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ገበታ ላይ የተለጠፈ ስስ መዳብ ነው፤ የመዳቡ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.035 ሚሊሜትር አይበልጥም። በቪየና የተወለደው መሐንዲስ ፓውል አይዝለር በ1936 እ.ኤ.አ. ገደማ በእንግሊዝ አገር በዚህ ዓይነት ሰሌዳ ራዲዮ ሠርቶ ነበር።

ሠሪው በመጀመሪያ መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ያጸዳል። ቀጥሎም የኤሌክትሪኩን መንገድ በማይለቅ ማርከር ይሥላል፤ ወይም በሌዘር ማተሚያ ወረቀት ላይ አትሞ በጋለ ካውያ እየተኮሰ ያሳርፈዋል። ሰሌዳው በፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ሲነከር ቀለም ያልሸፈነው መዳብ ሁሉ ተበልቶ ያልቃል። ወርቅ አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን እንደሚያስቀር፣ እዚህም ቀለሙ በመጨረሻ ይጠፋል፤ የሸፈነው መዳብ ግን ይቀራል። ፈሳሹ ሞቅ ካለ ሥራው ይፈጥናል። ሲበጠበጥ ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በዱቄቱ ላይ አይደፋም፤ እጅግ ይግላልና። ጓንትና መነጽር የግድ ነው፤ ቡናማው እድፍም ለእናት ነጠላ ምሕረት የለውም።

በእኛ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚያሳስበው የሚተርፈው ፈሳሽ ነው። ፌሪክ ክሎራይድ በብዙ አገር ውሃ ለማጣራት የሚያገለግል የብረት ጨው ነው፤ ነገሩን የሚያከፋው የበላው መዳብ ነው። ርዝመቱም ስፋቱም 10 ሳንቲሜትር የሆነ ሰሌዳ 3 ግራም ያህል መዳብ ይዟል። ግማሹ ብቻ ቢሟሟ፣ 10 ሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ ተበትኖም እንኳ ብዙ ዓይነት ዓሣ ሊጎዳ ይችላል። ጣና ደግሞ በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ከደርዘን የሚበልጡ የዓሣ ዝርያዎች የሚኖሩበት ሐይቅ ነው። በባሕር ዳር ቦይ የተደፋ ነገር ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ መውረዱ ምን ያስደንቃል?

ስለዚህ ፈሳሹ አረንጓዴ እስኪመስልና ሥራው እስኪዘገይ ድረስ ደጋግሞ መጠቀም ይሻላል። ሲያበቃለት በፕላስቲክ ባልዲ ይጠራቀምና፣ በውሃ ቀጥኖ፣ ደጅ ላይ ንጹሕ ምስማር ይከተትበታል። መዳቡ ከፈሳሹ እየወጣ ምስማሩን እንደ ቀይ አፈር ይለብሰዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ኖራ በጥቂት በጥቂቱ ሲጨመርበት የቀረው ጭቃ ሆኖ ይዘቅጣል። ከላይ ያለው ውሃ በባልዲው ውስጥ እንዳለ እንዲደርቅ ይተዋል፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ለዚህ አያንስም። ደረቁ ጭቃ ከሲሚንቶ ጋር ተለውሶ እስኪጠነክር ይቀመጣል።