ከአየር ጤና ወደ ወጨጫ፦ ረጋ ብሎ ማየትና መግለጽ

ተማሪዎች ሆይ፣ ስለ አንድ አካባቢ መልክዐ ምድር ድርሰት ጻፉ ስትባሉ አብዛኞቻችሁ «አካባቢው በጣም ያምራል፤ ተራራና ሜዳ አለው፤ አየሩም ተስማሚ ነው» ብላችሁ ታቆማላችሁ። ይህ አባባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ስለ ጎጃም ቢነገር፣ ስለ ከፋም ቢነገር ያው ነው፤ አንባቢው ቦታውን ከሌላው ለይቶ ሊያውቅበት አይችልም። ጉድለቱም የቃላት እጥረት ብቻ አይምሰላችሁ፤ በሚገባ ያላዩትን ለመግለጽ ከመሞከር የመጣ ነው። ገለጻ ከብዕር በፊት በዓይን ይጀመራል፤ ዓይንም በቂ ጊዜ ይፈልጋል። ይህን ለማስረዳት አየር ጤናን መነሻ አድርገን አንድ የዝግታ ጉዞ እንጓዝ።

አየር ጤና በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰበታ የሚሄድ መንገደኛ በስተ ቀኙ የወጨጫን ተራራ ያያል። ወጨጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3300 ሜትር የሚበልጥ፣ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረና ዛሬ የከሰመ ተራራ ነው። በዚህ መንገድ ዘወትር የሚመላለስ ሰው ግን ስለ ተራራው ቢጠየቅ «አዎ፣ አንድ ተራራ አለ» ከማለት ላያልፍ ይችላል። መኪናው ስለሚፈጥን ዓይኑ አንዱን ሳይጨብጥ ሌላው ይደርስበታል።

አሁን ከመኪናው ወርዳችሁ በእግር እንደምትሄዱ አስቡ። ከሩቅ አንድ መስሎ የታየው ከፍታ ወዲያው በብዙ ይከፈላል፤ ቋንቋችንም ለየክፍሉ ስም አለው። ከሜዳው ጥቂት ከፍ ያለው ጉብታ ነው። ከጉብታ የሚበልጠው፣ ከተራራ ግን የሚያንሰው ኮረብታ ይባላል። በሁለት ከፍታዎች መካከል የወረደው ሸለቆ፣ ውሃ የተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ረግረግ ነው። በተለይ ይህን አስተውሉ፤ አንዱ ተዳፋት ለሚወጣው አቀበት፣ ለሚወርደው ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ገላጩ የቆመበትን ስፍራ አስቀድሞ ካልወሰነ የቃላቱም ምርጫ ይዛባበታል።

የቦታ ስሞችንም አትለፏቸው። ከሰበታ አልፎ ያለው መንገድ የበቾን ሜዳ አቋርጦ ወደ ቱሉ ቦሎ ያመራል። «ቱሉ» በአፋን ኦሮሞ ኮረብታ ወይም ተራራ ማለት ነው። ስሙን የሰጡት ሰዎች አገሩን ቀድመው ተመልክተውታል ማለት ነው። ስለዚህ ሰላምታውን በነዋሪው ቋንቋ ተምራችሁ ሂዱ፤ ሰላም ያሉትን ገበሬ መጠየቅ አይከብድም። ለምሳሌ በክረምቱ መገባደጃ ሽምብራ ሲዘራ ብታዩ፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ለምን እንደሚዘራ ጠይቁ። የበቾ አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ውሃ ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ሽምብራውም ዝናቡ ካቆመ በኋላ አፈሩ በያዘው እርጥበት ያድጋል። እንግዲህ «ሜዳው ለም ነው» ከማለት ይልቅ ይህን መጻፍ አንባቢውን ምን ያህል እንደሚጠቅመው አመዛዝኑ።

ውሃውንም ተከተሉ። ከእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት በስተ ሰሜን የሚወርደው ውሃ ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ በስተ ደቡብ የሚወርደው ግን ወደ አዋሽ ይገባል። ከወጨጫ የሚወርዱት ጅረቶችም የአዋሽ ገባሮች ናቸው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በጊንጪ አካባቢ ካሉት ከፍታዎች ተነሥቶ፣ በቆቃ ግድብ በኩል ዐልፎ፣ የአፋርን ምድር አቋርጦ፣ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ይህን የሚያውቅ ተመልካች ተራምዶ የሚሻገራትን ጅረት ሲያይ መጨረሻዋንም አብሮ ያስባል።

በመጨረሻ ወደ መናገሻ ሱባ ደን እንድረስ። ደኑ በወጨጫ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ይገኛል። እንደሚነገረው ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው ተራራውን አስተክለውታል። ዛሬም በደኑ ውስጥ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ይታያሉ፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይኖሩበታል። በመንገድ ዳር የምታዩት ብዙው ዛፍ ግን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ከሩጫ መኪና ላይ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ቀርቦ ያየ ሰው ግን ጥዱን ከባሕር ዛፉ በቅጠሉ፣ በቅርፊቱና በሽታው ይለየዋል። ይህ ልዩነት ለድርሰት ማሳመሪያ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ጥድን ከባሕር ዛፍ የማይለይ ትውልድ አንዱ ተቆርጦ ሌላው ቢተካበት የጠፋበትን ነገር አያውቅም፤ ያላወቀውንም ሊጠብቅ አይችልም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እንመለስ። «ተራራና ሜዳ አለው» ያለው ተማሪ ከጉዞው በኋላ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «ከጉብታው ላይ ቆሜ ወደ ደቡብ ስመለከት ጥቁሩ የመረሬ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል፤ ከኋላዬ አቀበቱ እየጠበበ ወደ ጥዱ ደን ይገባል።» በዚህ ውስጥ «ያምራል» የሚል ቃል የለም፤ ውበቱን አንባቢው ራሱ ይፈርዳል።

መልመጃ፦ ከመምህራችሁ ወይም መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ የአካባቢውን ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ አንድ ኮረብታ ሂዱ። ማሳ አትርገጡ፤ ቅርንጫፍ አትስበሩ። በአንድ ስፍራ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። መጀመሪያ ተመልከቱ፤ ቀጥሎ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ያያችሁትን በሁለት አንቀጽ ግለጹ።