የበቆሎ ፀጉርና የባሕር ጃርት

በልጅነቴ የሠራሁትን ጥፋት አስቀድሜ ልናገር። በቡሬ አጠገብ ባለው የአባቴ ማሳ በቆሎው በነሐሴ ፀጉር ሲያወጣ፥ እኔና እኅቴ ለምለሙን ፀጉር እየነቀልን ለአሻንጉሊታችን ሹሩባ እንሠራበት ነበር። በመከር ጊዜ አባቴ አንዱን ራስ ቢልጠው፥ ጥርሱ እንደ ረገፈ ሽማግሌ ፍሬው እዚህም እዚያም ጎድሎ አገኘው። «ዘሩ ነው የከዳኝ» አለ። እኔ ዝም አልሁ፤ እርሱም በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዘር ገዛ።

ምክንያቱን ያወቅሁት ዘንድሮ በባዮሎጂ ክፍል ነው፤ ያውም ስለ ባሕር ጃርት ስንማር። በዚህ እሾኻም እንስሳ ዘንድ እንስቷ እንቁላሏን፥ ወንዱም ዘሩን በባሕር ውሃ ውስጥ ይበትናሉ። በዚያ ሁሉ ውሃ መካከል እንዴት ይገናኛሉ? እንቁላሉን የሸፈነው ልፋጭ አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ወደ ውሃው ይለቃል። ሊቃውንት በ1985 እ.ኤ.አ. በአንድ የባሕር ጃርት ዐይነት ላይ እንዳሳዩት፥ ሬዛክት የሚባለው 14 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቅመም የወንዱን ዘር ወደ ራሱ ይስባል። ቅመሙ በዘሩ ጭራ ላይ ሲያርፍ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ የጭራው አመታት ይለወጣል፤ ዘሩም ወደ ቅመሙ ምንጭ ይታጠፋል። ዐይንም አፍንጫም ሳይኖረው፥ እኛ ቡና የሚቆላበትን ቤት በሽታው እንደምናገኝ ያገኘዋል።

እኔ ግን ባሕር አይቼ ስለማላውቅ ልቤ ወደ በቆሎው ሄደ። ለካ እያንዳንዱ ፀጉር የአንዲት ፍሬ መንገድ ኖሯል! ከአናቱ አበባ የሚበነው ዱቄት በፀጉሩ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ቱቦ ያበቅላል። ቱቦውም ሁለት የወንድ ዘሮች ይዞ፥ ስንዝር የሚያህለውን መንገድ በአንድ ቀን ገደማ ይወርዳል። እነዚህ ዘሮች እንደ ባሕር ጃርቱ አይዋኙም፤ ተሸካሚ አላቸው። በመጨረሻው ደጃፍ ግን የሚጠራው ቅመም ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ያሉ ተመራማሪዎች ከእንቁላሏና ከጎረቤት ሕዋሶቿ የሚወጣ አንድ አጭር ፕሮቲን መኖሩን አስታወቁ፤ ይህ ፕሮቲን እንዲያንስ በተደረገባቸው ተክሎች ብዙው ቱቦ ደጃፉን ስቶ ቀረ። በደኅና ከገባ፥ አንደኛው ዘር ከእንቁላሏ ጋር ተዋሕዶ ቡቃያ ይሆናል፤ ሁለተኛው እኛ የምንፈጨውን ዱቄት ያስገኛል።

እንግዲህ በእኛ ማሳ ጠሪዋ በቦታዋ ነበረች፤ መንገዱን የቆረጥነው እኛ ነን።

ይህን ለአባቴ ነገርሁት። ሳቀና «ታዲያ ዘሩን ስረግም የከረምሁት በከንቱ ነዋ!» አለኝ። አሁን ታናሽ እኅቴን፥ ፀጉሩ ጠውልጎ ቡናማ እስኪሆን ታገሺ እላታለሁ። የደረቀው ለሹሩባ አይመችም ብላ ታኮርፋለች።