ከምንጭ እስከ ቦኖ፦ የሕዝብ ውሃ በይርጋጨፌና በአገራችን

ይርጋጨፌ ዝናብ የራቃት ከተማ አይደለችም። በበልግም በመኸርም ይዘንብላታል፤ ከእንሰቱና ከቡናው በላይ ዋንዛውና ብርብራው ያጠላሉ፤ ከዳገቱ ሥር ምንጭ ይፈልቃል። ያም ሆኖ እሷ ባለችበት በጌዴኦ ዞን ከተሞች ጀሪካን ደርድሮ ወረፋ መጠበቅ የተለመደ ነው። ከሰማይ የወረደው ውሃ ቤት እስኪደርስ ምንጭ ማጎልበት፣ ፓምፕ፣ መብራትና ቧንቧ ይጠይቃልና።

የሕዝብ ውሃ ታሪካችን ግን ከቧንቧ በፊት ይጀምራል። አክሱም ከዓለት የተፈለፈለ ማይ ሹም የተባለ የውሃ ማጠራቀሚያ አላት፤ በጎንደር የቃሃ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ የፋሲልን መዋኛ ይሞላል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ኤላ የሚባለው የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። ከይርጋጨፌ በሞያሌ መንገድ ወደ ደቡብ ሲወረድ፣ ዱብሉቅ ላይ፣ ሰዎች ከጥልቁ ጉድጓድ እስከ ገንዳው ተደርድረው ውሃውን በቅብብል ያወጣሉ። ተራውን የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ። ውሃው የጋራ ነው፤ የጋራ ስለሆነም ሥርዓት አለው።

ቧንቧ አዲስ አበባ የገባው በ1880ዎቹ ነው፤ የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር ውሃ ጠልፎ ለአፄ ምኒልክ ግቢ አደረሰ። ተራው ሕዝብ ቧንቧን በስፋት ያወቀው በኋላ በየሰፈሩ በተተከለው ቦኖ ነው። ዛሬም በየከተማው ቆጣሪ የሌለው ቤተሰብ በጀሪካን እየከፈለ ከዚያው ይቀዳል፤ ቦኖ ሲዘጋም ከጎረቤት በውድ ይገዛል።

ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ፣ ለትንንሽ ከተሞች ደግሞ በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር አስቀምጦ ነበር። አምስት ነፍስ ላለው ቤት ይህ የከተማ መጠን በቀን 10 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ከወረፋ ተሸክማ የምትመለስ ሴት ወይም ልጅ ይህን ሁሉ ልታደርስ አትችልም። ቦኖ መብዛት፣ ከቤትም መቅረብ ያለበት ለዚህ ነው።

የይርጋጨፌ ልዩ ጉዳይ ቡናዋ ነው። ስሟን በዓለም ያስጠራው የታጠበ ቡና ብዙ ውሃ ይፈልጋል። እሸቱ የሚፈለፈለውና የሚታጠበው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ወንዞች በሚቀንሱበት ወቅት ነው፤ ካልተጣራ ደግሞ ፍሳሹ ታች ያለው ሰው ወደሚቀዳበት ወንዝ ይወርዳል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ እንዲያገኝ ደንግጓል። በቡና ወቅት ይህ ቅድሚያ መከበር አለበት፤ የማጠቢያ ጣቢያዎችም ፍሳሻቸውን በጉድጓድ ሊይዙ ይገባል።

የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው ደኖች የቅርሱ አካል ናቸው፤ ዝናቡን ወደ መሬት እያሰረጉ ምንጭ የሚያቆዩትም እንዲህ ያሉ ዛፎች ናቸው። ከቦኖው ገቢ ጥቂቷ እንኳ ለምንጩ አናት ችግኝና ጥበቃ ብትመደብ ተገቢ ነው እላለሁ።