ኮቪድ ሲሄድ አብሮት ያልሄደው ነገር

እዚህ አዳማ፣ ሰፈራችን ውስጥ ኳስ የሚወዱ ልጆች አሉ፤ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ለእነሱ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ማለት ክለቦች ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ሰፍረው፣ አንድ ስታዲየም ላይ እየተፈራረቁ የሚጫወቱት ውድድር ነው። ክለባችን አዳማ ከተማ ድሬዳዋ ላይ «ባለሜዳ» ተብሎ ሲሰለፍ ምንም አይገርማቸውም። «ድሮ እኮ አንድ ሳምንት እዚህ፣ አንድ ሳምንት እንግዳ ሆነን ነበር የምንጫወተው» ስላቸው «ታዲያ ማን ቀየረው?» ይሉኛል። አጭሩ መልስ ኮቪድ ነው። ረጅሙን እዚህ ልጻፈው፤ የወረርሽኝ ጉዳት ጨዋታ በቆመባቸው ወራት ብቻ እንደማይለካ ያሳያልና።

መጀመሪያ የሆነው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 መንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ስፖርታዊ ውድድሮችና ትላልቅ ስብሰባዎች ለ15 ቀን እንዲቆሙ ወሰነ። ለሊግ 15 ቀን ማለት ሁለት ጨዋታ ነው፤ «ተስተካካይ» ተብሎ በሳምንቱ አጋማሽ ይካካሳል። ግን በዚያ አላበቃም። ወሩ ሊያልቅ ሲል የኦሮሚያ ክልል ከከተማ ከተማ የሚደረገውን የሕዝብ ትራንስፖርት አገደ፤ መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ፣ ወደ አሰላና ባሌ የሚሄደው ሁሉ በእሷ ያልፋል። መናኸሪያው ጭር ሲል ኳሱ ቀርቶ እንጀራውም ተቋረጠ።

ሚያዝያ 27 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የዓመቱን ውድድሮች በሙሉ ሰረዘ። ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም፣ ከታች የሚያድግም የለም። ከ30 ሳምንት ጨዋታ 17ቱ ተካሂዶ ነበር፤ ሰንጠረዡን የሚመራው ፋሲል ከነማ ነበር። ፋሲል በ2011 ዋንጫውን በመጨረሻው ቀን፣ በአንድ ነጥብ፣ ለመቀሌ 70 እንደርታ አሳልፎ የሰጠ ክለብ ነው። በተከታዩ ዓመት እየመራ ሳለ ዓመቱ ራሱ ከመዝገብ ጠፋ።

ለምን ተሰረዘ? ለምን አልተጠበቀም?

በዚያ ሰሞን የዓለም ሊጎች ሦስት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ጠብቆ መጨረስ ነው። ጀርመን ግንቦት 8፣ እንግሊዝ ሰኔ 10 ቀን 2012 በዝግ ስታዲየም ጀመሩ። ሁለተኛው ባለበት አቁሞ መሪውን ማንገሥ ነው። ፈረንሳይ ለፓሪስ ሴንት ዠርሜን፣ ኬንያ ለጎር ማሂያ ዋንጫውን ሰጡ። ሦስተኛው መሰረዝ ነው። ሆላንድ ሻምፒዮን ሳትሰይም ዘጋች፤ እኛም በዚያው ሄድን።

ከሁሉም የኡጋንዳ ነገር ትምህርት አለው። እዚያ ከጨዋታዎቹ 75 በመቶ ከተካሄደ መሪው ሻምፒዮን እንዲሆን የሚያዝ ደንብ ቀድሞ ተጽፎ ነበር። ከ30 ዙር 25ቱ ስላለቀ ቫይፐርስ ሻምፒዮን ተባለ። በዚያ መለኪያ የኛ ሊግ 57 በመቶ ላይ ነበር፤ ቢሰረዝም አያስገርምም። ልዩነቱ የኡጋንዳ ክለቦች ደንቡን ወቅቱ ሳይጀመር ማወቃቸው ነው። የእኛዎቹ የዓመት ልፋታቸው ምን እንደሚሆን ለማወቅ የስብሰባ ውሳኔ መጠበቅ ነበረባቸው።

መጠበቅ ያልተቻለበትም ምክንያት አለው። አውሮፓን ወደ ሜዳ የመለሰው ከኳስ ፍቅር ይልቅ የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው፤ ያልተጫወቱት ጨዋታ የሚመለስ ክፍያ ነበር። የኛ ሊግ በ2012 እንዲህ ያለ ውል አልነበረውም። ክለቦቻችን በአብዛኛው የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው፤ በጀት ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። የብዙ ተጫዋች ውልም ከዚያው ጋር ያበቃል። ከዚያ ክረምቱ ይገባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ጭቃ ነው። በዚህ ላይ የምርመራና የሆቴል ወጪ ሲጨመር «ትንሽ እንታገስ» ማለት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቻል ሆነ።

ዱላው ያረፈው ተጫዋቹ ላይ ነው። የኳስ ዕድሜ አጭር ነው። የፕሪሚየር ሊጉ ሰው ቢያንስ የሚከራከርበት ውል ነበረው። ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊግና ከዚያ በታች ያለው ልጅ ግን ወደ ወላጆቹ ቤት ተመልሶ በየሜዳው ዳር ብቻውን እየሮጠ፣ በመጪው ዓመት የሚያስፈርመው ክለብ ይኑር አይኑር ሳያውቅ ነው የከረመው።

በዝግ በር የተጀመረው ሊግ

ሊጉ ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ተመለሰ፤ ግን በ16 ክለቦች ምትክ በ13። ጥቅምት ላይ በተቀሰቀሰው ጦርነት ሦስቱ የትግራይ ክለቦች፣ መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ፣ አልነበሩም። ስታዲየሙ ያለ ተመልካች ተከፈተ። ዋናው ለውጥ ግን ቅርጹ ነው። ክለቦቹ በየከተማቸው መጫወታቸው ቀርቶ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ በየተራ ተሰባሰቡ። ምክንያቱ አሳማኝ ነበር፤ ጉዞ ይቀንሳል፣ ምርመራው ይቀላል፣ የታመመውን መለየት ይቻላል። በዚያው ዓመት ለአምስት ዓመት የተፈረመው የዲኤስቲቪ የቴሌቪዥን ውል ሥራ ላይ ዋለ፤ ሊጉም በሱፐርስፖርት በቀጥታ መታየት ጀመረ።

በኳሱ በኩል ወቅቱ ባዶ አልነበረም። ፋሲል ከነማ ከዓመት በፊት ያመለጠውን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳ። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ያስመዘገበውን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። የኛው አዳማ ከተማ ግን ከመጨረሻዎቹ ሦስት ተርታ ወርዶ፣ በትግራይ ክለቦች አለመኖር ምክንያት ሐዋሳ ላይ በተደረገው የማሟያ ውድድር ነው በሊጉ የቀረው።

ጊዜያዊው ቋሚ ሲሆን

እዚህ ላይ ከአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ጋር እናስተያይ። ኤንቢኤ በ2012 ክረምት 22 ቡድኖችን ፍሎሪዳ ላይ አንድ ቦታ ሰብስቦ ወቅቱን ጨረሰ። ታኅሣሥ 2013 ላይ ግን ቡድኖቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደየአዳራሾቻቸው ተመለሱ። እኛ መሰባሰብ የጀመርነው በዚያው ወር ነው። ከዚያ ማስኩ ወለቀ፣ ተመልካቹ ተመለሰ፣ ምርመራው ቀረ፤ መሰባሰቡ ግን ቢያንስ እስከ 2017 ድረስ ቀጠለ።

ኮቪድ ብቻውን አላቆየውም። ለቴሌቪዥን ካሜራውን አንድ ከተማ ላይ ተክሎ መቅረጽ በየሳምንቱ ስምንት ከተማ ከመዞር ይቀላል። ከወረርሽኙ በፊትም በደጋፊዎች ግጭትና በፀጥታ ስጋት ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ ይወሰዱ ነበር። የሜዳዎቻችን ጥራትም የታወቀ ነው። ኮቪድ ለእነዚህ የቆዩ ችግሮች ሁሉ ማለፊያ ሰጠ፤ ማለፊያው ስለተመቸ ችግሮቹ ሳይፈቱ ተቀመጡ።

አዳማ በዚህ ተጠቅማለች፤ መካድ አይቻልም። ከ2014 ጀምሮ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሊጉን ሲያስተናግድ ቆይቷል። አንድ ቡድን ከነአሰልጣኙና ከነወጌሻው 30 ሰው ቢይዝ፣ 16 ቡድን 480 እንግዳ ነው፤ ያውም ለሳምንታት የሚያድር። ሆቴሉ፣ ባጃጁ፣ ጁስ ቤቱ፣ ልብስ አጣቢው ሁሉ የድርሻውን ያገኛል።

ግን ወደ ታች፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ከተሞች እንውረድ። ሻሸመኔ ከተማ ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በ2016 ፕሪሚየር ሊግ ገባ። የዚያ ዓመት ጨዋታዎች አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ነበሩ። ክለቡ ወቅቱ ሲያበቃ ወደ ከፍተኛ ሊግ ተመለሰ። ሊጉ ሐዋሳ ላይ ሲካሄድ ሻሸመኔ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነበረች፤ የከተማው ሕዝብ ግን ክለቡን በፕሪሚየር ሊግ ደረጃ አንድም ቀን በገዛ ሜዳው ሳያይ ዓመቱ አለቀ። ከእሱ ጋር አብሮ የገባውና አብሮ የወረደው ሀምበሪቾ ዱራሜም ዕጣው ይኸው ነበር። ከተማ ክለቡን በበጀቱ ያሳድጋል፣ ሕዝቡ ዓመታት ይጠብቃል፤ የድሉ ቀን ሲደርስ ጨዋታው ሌላ ከተማ ነው።

በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞችም ጉዞው ቀረባቸው። በፊት ከደቡብ የሚመጡት ክለቦች አውቶቡስ በሻሸመኔ፣ በአርሲ ነገሌ፣ በባቱና በመቂ አልፎ ይወጣ ነበር፤ ከኋላው ዘፈን የሚያሰማ የደጋፊ መኪና ይከተላል፤ ባቱ ላይ ዓሣ ይበላል። ያ ጉዞ ለትንንሾቹ ከተሞች ከሊጉ የሚደርሳቸው ድርሻ ነበር።

የስፖርቱም ሚዛን ተዛንፏል። በፊት ከደጋ የመጣ ቡድን የአዳማን የከሰዓት ሙቀት መቋቋም ነበረበት፤ አዳማም በተራው ወደ ብርዱ ይወጣ ነበር። ቡንደስሊጋው በዝግ ስታዲየም ሲጫወት የባለሜዳዎች ብልጫ ቀንሶ ታይቷል፤ ደጋፊ ነጥብ ያመጣል ማለት ነው። በተሰባሰበ ሊግ ያ ነጥብ የሚደርሰው ለአስተናጋጁ ከተማ ክለብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ምን ይሁን?

ወረርሽኝ ባይሆን ሌላ ነገር ሊጉን ማቋረጡ አይቀርም። ወቅቱ በስንት በመቶ ከቆመ ዋንጫ እንደሚሰጥ፣ በስንት እንደሚሰረዝ፣ የተጫዋች ደሞዝ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ደንብ ላይ ይስፈር፤ ችግሩ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ሁልጊዜ አንዱን የሚጎዳ ይመስላል። በአደጋ ጊዜ የሚወሰድ እርምጃም ማብቂያ ቀን ይኑረው። ሁሉም ክለብ በአንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ይመለስ አልልም፤ ብቁ ሜዳ ያለው ይጀምር፣ የሌለው ሜዳውን የሚያሟላበት ቀነ ገደብ ይቆረጥለት። ያለ ቀነ ገደብ ግን ማንም ከተማ ለማይጫወትበት ሜዳ ሣር አይተክልም።

ለሰፈሬ ልጆችም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፤ የወቅቱ መርሐ ግብር ሲወጣ መጀመሪያ ማን ከማን እንደሚጫወት አትዩ፤ ስንት ክለብ በራሱ ከተማ እንደሚጫወት ቁጠሩ።